ካርቱም ውስጥ ያገለገለ የስፖርት መኪና፦ ከቀለሙ በፊት ቁጥሩን

ካርቱም ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው ዛሬ አስቀድሞ የሚመረምረው ሞተሩን ሳይሆን የሻንሲ ቁጥሩን ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ከፈነዳ በኋላ ከየግቢው፣ ከየጋራዡና ከየመሸጫው ተዘርፎ የወጣው መኪና እጅግ ብዙ ነው። ባለቤቶቹ ግብፅ፣ ሳዑዲ ወይም ፖርት ሱዳን ተሰደው እንኳ ሰነዳቸውን እንደያዙ ናቸው፤ መኪናቸውን ማንም ይግዛው ማን ይፈልጉታል። የሱዳን ጦር በማርች 2025 ቤተ መንግሥቱን፣ በሜይ ደግሞ የካርቱምን ግዛት በሙሉ መልሶ መያዙን ካስታወቀ ወዲህ ነዋሪው በዝግታ እየተመለሰ ነው። ይህን የምጽፈው ወደ ካርቱም ሂዱ ለማለት አይደለም። እዚያው የቀራችሁና ኑሯችሁን እንደገና የምታቆሙ ኢትዮጵያውያን ወንድሞችና እኅቶች ግን በላባችሁ ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ በተሰረቀ ወይም ባለቀለት መኪና ላይ እንዳታጡ ስለምፈልግ ነው።

የተሰረቀ መኪና ሳያውቅ የገዛ ሰው መኪናውንም ገንዘቡንም ያጣል። የውጭ ዜጋ ሲሆን ደግሞ ንጹሕነቱን ማስረዳት ይበልጥ ይከብደዋል። ስለዚህ ሻጩ ቁልፍ ሲዘረጋላችሁ እናንተ ኮፈኑን አስከፍቱ። በሻንሲው ላይ የተቀረጸው ቁጥር፣ በመስተዋቱ ሥር ያለው ቁጥርና በመኪናው ፈቃድ ላይ የተጻፈው አንድ መሆን አለባቸው። ከተቀረጸው ፊደል ዙሪያ የብየዳ ምልክት፣ አዲስ ቀለም ወይም የሞረድ ጭረት ካያችሁ ዋጋ እንኳ ሳትጠይቁ ተመለሱ። ከፊደሎቹ የሚገኝ መረጃም አለ፦ ለውጭ ገበያ ጃፓን የተሠራ ቶዮታ ቁጥሩ በ«ጄቲ» ይጀምራል፣ ኮሪያ የተሠራ ሂዩንዳይ በ«ኬኤምኤች»። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ አሥረኛው ምልክት የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፤ ሻጩ «2004 ነው» ካለና ምልክቱ 2001ን ካሳየ ከዚያ በኋላ የሚነግራችሁን ሁሉ በዚያው መጠን መዝኑት።

ቀጥሎ ትራፊክ መሥሪያ ቤት ነው። በሱዳን «ሸሃደት በህስ» የሚባል ሰነድ አለ፤ መኪናው በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት የሚያሳይ ነው። ሻጩ የሚያሳያችሁን ቅጂ አትመኑ፤ አብራችሁ ሄዳችሁ በዚያው ቀን አዲስ አስወጡ። የስርቆት ማመልከቻ እንዳለበትም ፖሊስ ዘንድ አስጠይቁ። በዚያው አጋጣሚ በመኖሪያ ፈቃዳችሁ መኪናው በእናንተ ስም ሊዞር እንደሚችል አረጋግጡ፤ ይህ ሳይጣራ ቀብድ አይከፈልም። ውሉን የሚያጸድቀው በሱዳን ውል የማረጋገጥ ሥልጣን ያለው ጠበቃ ነው። ጠበቃውን ራሳችሁ ምረጡ፤ ሻጩ ወይም ሰምሳሩ፣ ማለት ደላላው፣ የሚያመጣውን አትቀበሉ።

ብዙ ጊዜ ሻጭ «ስም ማዞር ጣጣ ነው፣ ውክልና ልስጥህ» ይላል። «ተውኪል» ይሉታል። ውክልና ሽያጭ አይደለም። ወካዩ የሞተ ዕለት ውክልናው ይቋረጣል፣ መኪናውም የወራሾች ይሆናል። ብዙ ሰው በሞተበትና በተሰደደበት በዚህ ጊዜ በውክልና መኪና መያዝ ገንዘብን መንገድ ላይ እንደ መተው ይቆጠራል። የሱዳናዊ ጓደኛን ስም መዋስም ከዚህ አይሻልም፤ ጓደኛችሁ ታማኝ ቢሆን እንኳ ነገ ከልጆቹ ጋር ልትከራከሩ ትችላላችሁ።

ከሊቢያ በረሃ አቋርጠው ያለ ቀረጥ የገቡ፣ ሕዝቡ «ቦኮ ሐራም» ብሎ የሚጠራቸው መኪናዎችም አሉ። በዳርፉር በኩል የገቡት ብዙ ናቸው። በዋጋ ርካሽነታቸው ያማልላሉ። መንግሥት በተለያየ ጊዜ ሊያስመዘግባቸው ቢሞክርም ሻጩ «ነገ ይስተካከላል» የሚለውን ተስፋ እናንተ አትግዙ፤ ያስተካክልና ያምጣው።

አሁን ወደ መኪናው። ወጣቶቻችን ብዙ ጊዜ ዓይናቸው የሚያርፈው ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ላይ ነው፤ ቶዮታ ሴሊካ፣ ሂዩንዳይ ኩፔ የመሳሰሉት። ምኞቱን አልነቅፍም፤ ሰው ቀኑን ሙሉ ሠርቶ አንድ የሚወደውን ነገር ቢይዝ ምን ነውር አለው? ነገር ግን በሰው አገር ዘመድ እንደሚያስፈልግ ሁሉ መኪናም በከተማው ውስጥ ዘመድ ያስፈልገዋል። የውስጥ አካሉን ከኮሮላ ወይም ከኤላንትራ የሚጋራ የስፖርት መኪና ካርቱም ውስጥ ይኖራል። ዘመድ የሌለው፣ ማለትም መለዋወጫው ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የሚታዘዝለት፣ የመጀመሪያው ብልሽት ላይ ግቢ ውስጥ ይቀመጣል። እነ ፖርሽን፣ እነ ቢኤምደብሊውን ሲያቀርቡላችሁ ዋጋው የወረደው ለምን እንደሆነ ገምቱ።

ሰባተኛው ትውልድ ሴሊካ ከ1999 እስከ 2006 የተመረተ ነው። ሞተሩ 1.8 ሊትር ሲሆን ሁለት ዓይነት አለው፦ 1ዜድዜድ እና 2ዜድዜድ። 1ዜድዜድ በዚያው ዘመን ኮሮላ ላይም የተገጠመ ስለሆነ ዘመዱ ቅርብ ነው። ችግሩ የመጀመሪያዎቹ፣ እስከ 2002 አካባቢ የተሠሩት ላይ ነው። በፒስተኑ ላይ የዘይት ፋሻው ከተቀመጠበት ቦይ ዘይቱን ወደ ታች የሚመልሱት ቀዳዳዎች ጥቂትና ጠባብ ነበሩ። በጥቀርሻ ሲደፈኑ ፋሻው ይጣበቃል፤ ዘይቱም ወደ ላይ አልፎ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ቶዮታ በኋላ ፒስተኑን ቀይሮ ሠራው፤ ከ2003 በኋላ ያለውን መፈለግ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ዘይት የሚበላ ሞተር ራሱን ወዲያው አያጋልጥም። ቆሞ ሲሠራ ጸጥ ያለ፣ ጉልበቱም ደህና ሊሆን ይችላል። ሻጩ ጠዋት ዘይት ሞልቶበት ይመጣል። መኪናውን ከነዳችሁ በኋላ ለአምስት ደቂቃ ያህል ቆሞ ይሥራ፤ ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ እያየ ነዳጁን ድንገት ርገጡት። ሰማያዊ ጭስ ከማርሚታው ከወጣ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ካንዴላዎቹን አስፈትቱ፤ ጥቁርና ዘይት የነካካቸው ከሆኑ ምስክርነታቸው ከሻጩ ይበልጣል። የሞተሩ ካቴናም ከዘይት ማነስ ጋር ይላላል፤ ጠዋት ሲነሣ ከፊት ለፊት የሚሰማው ኳኳታ እሱ ነው። ዘይት በጎደለበት ሞተር በካርቱም ሙቀት ረጅም መንገድ የሄደ ሰው በመጨረሻ ብሮንዚና ያስቀይራል፣ ወይም ሞተር ይገዛል። ይህን ሁሉ አውቃችሁ ዋጋውን አስቀንሳችሁ፣ አዲሱን ፒስተንና ፋሻ አስገብታችሁ ብትይዙት ግን መጥፎ መኪና አይደለም።

2ዜድዜድን ግን አልመክርም። እጅግ የሚያምር ሞተር ነው፤ ከ6,000 ዙር በላይ ሲደርስ ሌላ የካምሻፍት ጥርስ ሥራ ይጀምርና መኪናው ይወረወራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተሠሩት ላይ ይህን ክፍል የሚይዙት ቡሎኖች ይሰበሩ ነበር፤ ሲሰበሩ መኪናው እስከ 6,000 ዙር ደህና ይሄድና ከዚያ በላይ ይሞታል። ከዚህ የሚብሰው የነዳጁ ነገር ነው። ይህ ሞተር የሚፈልገው ከ95 ኦክቴን የማያንስ ቤንዚን ነው። በጦርነት ውስጥ ባለፈች ከተማ በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ምን እንደተቀላቀለበት ማን ያውቃል?

ሂዩንዳይ ኩፔ በ1996 የመጣ ሲሆን ከኤላንትራ ጋር አካል ይጋራል። ከካርቱም በስተ ደቡብ ባለው የጂያድ ፋብሪካ ሂዩንዳይ ሲገጣጠም ስለነበር የሂዩንዳይን ሞተር የሚያውቅ መካኒክ አይጠፋም። የ2.0 ሊትሩ ሞተር ታይሚንግ ግን በካቴና ሳይሆን በቺንጋ ነው የሚዞረው። ቺንጋው በግምት በየ90,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጩና ቴስታታው ይበላሻል። ቆጣሪው የሚያሳየውን ኪሎ ሜትር አትመኑ፤ መኪናው በገባ ቀን ቺንጋውን፣ ኩሽኔታውንና የውሃ ፖምፓውን አንድ ላይ አስቀይሩ።

ሁሉንም የሚያገናኘው ጠላት ሙቀቱ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ካርቱም ወደ 380 ሜትር ላይ። አዲስ አበባ መንዳት የለመደ ሰው ካርቱም ሲገባ ሞተሩ ጉልበት ሲያገኝ ያየዋል፤ አየሩ ወፍራም ነውና። ያ ሞተር ግን በሚያዝያና በግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ አየር ራሱን ማቀዝቀዝ አለበት። ስለዚህ መኪና የሚፈተነው በጠዋት ሳይሆን በቀትር ነው። ሻጩ «ጠዋት ኑ፣ ይሻላል» ካለ ምክንያቱ የእናንተ ምቾት ላይሆን ይችላል። ኤሲውን ሙሉ ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ንዱ፤ ከዚያ ሞተሩን ሳታጠፉ ቁሙ። የሙቀት መርፌው ከመሃል ካለፈ፣ ወይም ኤሲው ሲከፈት የራዲያተሩ ማራገቢያ ካልተነሣ፣ ችግሩ ከራዲያተሩ እስከ ቴስታታው ባለው መንገድ ላይ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ክፈቱ፦ የዘይት ድር፣ ወይም ሞተሩ ሲነሣ የማያቋርጥ አረፋ ካያችሁ የቴስታታው ጋርኒሲዮን ሳይቃጠል አይቀርም። የቧንቧ ውሃ የሚጨምር ሰው እጅ ላይ የቆየ መኪና ራዲያተሩን ጨው ይደፍነዋል፤ ኩላንት እንጂ ውሃ አይጨመርም። ከገዛችሁ በኋላ የመጀመሪያው ወጪያችሁ ራዲያተሩ፣ ክዳኑ፣ ቴርሞስታቱና ጎማ ቱቦዎቹ ይሁኑ፤ ቼርኪዮና የድምፅ መሣሪያ ይቆዩ።

የጦርነቱ ዘመን ያመጣው ሌላ ዓይነት መኪና አለ፤ ከ2023 ጀምሮ ቆሞ የቆየ። ባለቤቱ ሲመለስ ግቢው ውስጥ ያገኘውና ገንዘብ ፈልጎ የሚሸጠው ነው። ሰነዱ ንጹሕ ከሆነ ጥሩ አጋጣሚ ነው፣ ግን በቁልፍ አታስነሡት። በታንኩ ውስጥ የቆየው ቤንዚን ወደ ሙጫነት ተለውጧል፤ ይፍሰስ፣ ታንኩ ይታጠብ። ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየር። ካንዴላዎቹ ወጥተው በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት ይንጠብጠብ፤ ሞተሩም በእጅ ይዙር። ከዚያ በኋላ ነው ባትሪ የሚታሰረው። ሽቦዎቹን አይጥ በልቷቸው፣ ወይም ዘራፊ የሞተሩን ኮምፒውተር ነቅሎ ሄዶ ይሆናል። ጎማው ዳሩ ላይ ከተሰነጣጠቀ ጥርሱ አዲስ ቢመስል እንኳ ይጣል፤ በጋለ አስፋልት ላይ ይፈነዳል። የፍሬን ዘይቱም ያለ ክርክር ይቀየር።

በ2020 የናይል ሙላት ለሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ከባድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም የክረምት ዝናብ የብዙ ሰፈር መንገድ ይሞላል። ዝቅ ያለ የስፖርት መኪና ቀድሞ ውሃ ይገባዋል። የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትታችሁ አውጡ፤ የጭቃ መስመር ካለበት መኪናው ጠልቆ ነበር። ሀቡቡ፣ ማለት የአሸዋው ማዕበል፣ ካለፈ በኋላም የአየር ፊልትሮውን ማየት ልማድ ይሁናችሁ።

ዋጋ ሲነገራችሁ ተረጋጉ። በ2007 የመጣው አዲስ ፓውንድ ከቀድሞው 1,000 ፓውንድ ጋር እኩል ነው፤ ሕዝቡ ግን እስካሁን የሚቆጥረው በአሮጌው ነው። «ሚሊዮን» ያላችሁ 1,000፣ «ሚልያር» ያላችሁ ደግሞ 1,000,000 ፓውንድ ማለቱ ነው። አሃዙን በወረቀት አጽፉ። «መከና» ሲሉ ሞተሩን ነው፤ «አዲስ መከና» ማለት ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ነውና የተቀየረው ሞተር ቁጥር በሰነዱ ላይ መስፈሩን ጠይቁ። ማደያ ላይ ደግሞ «ጋዞሊን» ናፍጣ ነው፤ እናንተ የምትፈልጉት «በንዚን» ነው። ክፍያውን በጥሬ ገንዘብ ይዞ መዞር አደጋ አለው። ብዙው ሰው የሚከፍለው በካርቱም ባንክ «ባንከክ» መተግበሪያ ነው፤ የላካችሁበት መረጃም ማስረጃ ሆኖ ይቀራል። ወደ ሻጭ ቤት ብቻችሁን አትሂዱ፤ ቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ አረብኛ ከሚችልና ከምታምኑት ሰው ጋር ይሁን። መካኒኩንም ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

«በኋላ በመተማ አድርጌ አገር ቤት አስገባዋለሁ» ብሎ የሚገዛ ካለ ሐሳቡን ይተው። ኢትዮጵያ በጃንዋሪ 2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውቃለች፤ ከዚያ በፊትም በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ላይ የተጣለው ኤክሳይስ ታክስ ከባድ ነበር። ካርቱም የተገዛ መኪና ካርቱም ይሸጣል። ስትሸጡትም ገዢው በስሙ ሳያዞር ቁልፍ አትስጡት፤ ነገ ሰው ቢገጭበት ወይም ወንጀል ቢሠራበት የሚጠራው በሰነዱ ላይ ያለው ስም ነውና፣ ሁለታችሁም ትራፊክ መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ የተዞረበትን ወረቀት ቅጂ ይዛችሁ ውጡ።