ቦሎቄው ለስልሷል፤ ግን በስሏል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሥራዬ የሌሊት ስለሆነ በጾም ወራት ቀይ ቦሎቄ አጥቤ፣ ከሽንኩርትና ከበርበሬ ጋር ስሎው ኩከር ውስጥ ጨምሬ፣ በዝቅተኛው ሙቀት ጥጄው እሄዳለሁ። ስመለስ ለስልሶ ይጠብቀኛል። በቅርቡ ግን በበላን በሁለት ሰዓት ውስጥ እኔንም ባለቤቴንም አስመለሰን፤ ተቅማጥም ተከተለ። እሱ በርበሬው ነው ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ “ቦሎቄ እኮ መርዝ አለው” አለችኝ። እውነት ነው? ከአገር ቤት የሚላክልኝ ሽሮስ ጓያ ቢኖርበት ያሰጋል?

መልስ፦ ጎረቤቲቱ እውነቷን ነው፤ በርበሬው ምንም በደል ያለበት አይመስልም። የዓምዱ ሐኪም ለዚህ ጥያቄ ሰፊ ቦታ የሰጡት ተመሳሳይ ታሪክ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ስለበዙ ነው። ከቦሎቄው ይበልጥ የሚያሳስባቸው ደግሞ ብዙዎቹ ከታመሙ በኋላ ቤታቸው ውስጥ የሚያደርጉት ነገር ነው።

ቀይ ቦሎቄ ፊቶሄማግሉቲኒን የሚባል፣ ከሌክቲን ወገን የሆነ ፕሮቲን አለው። ይህ ፕሮቲን አንጀት ላይ ተጣብቆ ያስቆጣዋል። በጥሬው ከ20,000 እስከ 70,000 ዩኒት የሚለካው መርዝ ቦሎቄው በደንብ ሲበስል ወደ 200–400 ይወርዳል። ያልበሰለ ከሆነ አራት ወይም አምስት ፍሬ ብቻ ለማሳመም ይበቃል። ማቅለሽለሹና ማስመለሱ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ የጠያቂዋም ታሪክ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ። ቦሎቄ ለረጅም ሰዓት በሞቀ ውሃ ውስጥ ከቆየ፣ ውሃው ሳይፈላም ይለሰልሳል። መርዙ ግን የሚጠፋው በመንተክተክ ነው። ስሎው ኩከር ውስጥ የበሰሉ ወጦች ሲለኩ የውስጣቸው ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ75 ዲግሪ ያላለፈ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ እስከ 80 ዲግሪ ብቻ የሞቀ ቦሎቄ ከጥሬው እስከ አምስት እጥፍ የሚደርስ መርዛማነት ሊኖረው መቻሉ ነው። በጣት ተጭኖ ሲፈርስ “በስሏል” ማለት ለምስር ይሠራ ይሆናል፤ ለቀይ ቦሎቄ ግን አደገኛ መለኪያ ነው።

ይህ ማለት ዕቃው ይጣል ማለት አይደለም። እንዲያውም የድስቱ ታሪክ ከባቄላና ከቦሎቄ ወጥ ጋር የተያያዘ ነው። ኢርቪንግ ናክሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1940 የፈጠራ መብት ያገኘበትን ይህን ድስት ለመሥራት ያነሳሳው፣ የሊትዌኒያ አይሁዶች ለሰንበት ከዋዜማው ጀምረው በዝግታ የሚያበስሉት ቾለንት የሚባል ወጥ ነበር። ድስቱ ክሮክ ፖት ተብሎ በአሜሪካ ገበያ የገነነው በ1970ዎቹ ነው። ጥፋቱ ያለው ደረቁን ቀይ ቦሎቄ ሳይቀቅሉ በቀጥታ እዚያ ውስጥ መጨመሩ ላይ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቦሎቄውን ቢያንስ 5 ሰዓት መዘፍዘፍ፣ የተዘፈዘፈበትን ውሃ መድፋት፣ በአዲስ ውሃ ምድጃ ላይ ጥዶ እየተንተከተከ 30 ደቂቃ መቀቀል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ስሎው ኩከሩ ማዛወር። “ቫይታሚኑ እንዳይሄድብኝ” ብለው የመዘፍዘፊያውን ውሃ የማይደፉ ብዙ ናቸው። ሐኪሙ በዚህ ላይ ትዕግሥት የላቸውም፤ ይደፋ። ገና ሲፈላ “ጨው ይዞ ይሆን” እያሉ ሁለት ሦስት ፍሬ መቅመስም ይቅር። አዲስ አበባ ያለ ሰው ደግሞ ውሃው የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ መሆኑን አስቦ ጊዜውን ያራዝም። የቆርቆሮ ቦሎቄ ተቀቅሎ የታሸገ ስለሆነ አያሰጋም። ምስርና ክክም በተለመደው አቀቃቀል በዚህ አይታሙም።

የሰማነውን ሁሉ ማድረግ ምን እንደሚያስከትል ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ2006 አይተዋል። አንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ክብደት ለመቀነስ ይረዳል ብሎ ነጭ ቦሎቄ 3 ደቂቃ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ሩዝ ላይ እንዲነሰነስ መከረ። ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች ታመሙ፤ 100 ያህሉ ሆስፒታል ገቡ። የነጩ መርዝ ከቀዩ ያነሰ ነው፤ ለሦስት ደቂቃ ቁሌት ግን አልተበገረም። ዛሬ እንዲህ ያለው ምክር በየስልካችን ይመጣል።

ከታመሙ በኋላስ? እዚህ ላይ ነው ሐኪሙ የሚቆጡት። የመጀመሪያው ስህተት ፍላጅል መዋጥ ነው። የቦሎቄ መርዝ ተሕዋስ አይደለም፤ ፍላጅልም ቴትራሳይክሊንም አይነካውም። መድኃኒቱ ቤት ውስጥ የተገኘው ደግሞ ባለፈው ሐኪም ሲያዝ “ተሽሎኛል” ተብሎ በሦስተኛው ቀን ስለተቋረጠ ነው። ያኔ ሕክምናው ሳያልቅ ቀረ፤ አሁን ደግሞ ያለ ቦታው ተዋጠ። ሁለተኛው ፌጦና ሎሚ ነው። አያቶቻችን በፍቅር እንደሰጡን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን የተቆጣ ጨጓራን ይብስ ያቃጥላል፣ መርዙንም አያወጣም። ወተትም ቢሆን ማርከሻው አይደለም። ጣት ጉሮሮ ውስጥ ከትቶ ማስመለስም አያስፈልግም፤ ሰውነት ያንን ራሱ ጀምሮታል።

የሚያስፈልገው ፈሳሽ ነው። ኦአርኤስ የሚባለውን የጨውና የስኳር ድብልቅ በጥብጦ በማንኪያ ቀስ እያሉ መውሰድ፣ ቢያስመልስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መጀመር። ብዙዎች አንድ ጊዜ ሲያስመልሳቸው “አልተስማማኝም” ብለው ይተዉታል፤ እባካችሁ አትተዉት። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይበርዳል። ሰገራ ውስጥ ደም ከታየ፣ ምንም ፈሳሽ ካልቆየ፣ ሽንት ከጠፋ ወይም ሕፃን ከፈዘዘ ግን “እስኪነጋ እንይ” ማለት አይገባም። ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና የስኳር ሕመምተኞች ቀድመው ይታዩ።

ጓያ ሌላ ዓይነት ነገር ነው። መርዙ ቤታ-ኦዳፕ ይባላል፤ የሚጎዳውም ነርቭን ነው። አንድ ቀን የተበላ ሽሮ ሳይሆን፣ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በደምቢያና በፎገራ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ በደላንታና ዳውንት በ1990ዎቹ ብዙዎች፣ በተለይም ወጣት ወንዶች፣ በችግር ጊዜ ሌላ እህል አጥተው ሲበሉት እግራቸው ተሽመድምዷል። ማፍላት ብቻውን መርዙን አያጠፋውም፤ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ይቀንሰዋል፤ ከሌላ እህል ጋር ማፈራረቅም ይረዳል። ጠያቂዋ አልፎ አልፎ በሚበሉት ሽሮ አይጨነቁ። ሽሮውን የሚያዘጋጀውን ሰው ግን ጓያ እንዳይጨምር ቢያሳስቡ ደግ ነው።



በአሜሪካ የምትኖሩ በምግብ የተመረዘ ሰው ሲያጋጥማችሁ ወደ መርዝ መረጃ ማዕከሉ በ1-800-222-1222 ደውሉ። አገልግሎቱ ነጻ ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ሰውየው ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው በቀጥታ 911 ይደወል።