ለያንዳንዱ እንደ አቅሙ

ስለ ክርስቲያን አኗኗር ስንነጋገር ብዙ ሰዎች፦ በቀን ስንት ጊዜ ልጸልይ? ስንት ምዕራፍስ ላንብብ? ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው መልካም ነው፤ ለሁሉ አንድ መልስ መስጠት ግን መልካም አይደለም። ይህን የተማርሁት በራሴ ስሕተት ነውና አስቀድሜ እርሱን እናገራለሁ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ሮበርት መሪ ማክሼይን ስለሚባል ስለ አንድ የስኮትላንድ ሰባኪ ሰማሁ። እርሱም በዳንዲ ከተማ ላለችው ማኅበሩ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1842 ዓመት መጨረሻ፥ የንባብ ሰሌዳ ሠራ። በዚያ ሰሌዳ የሚሄድ ሰው በየቀኑ 4 ምዕራፍ ያህል እያነበበ ብሉይ ኪዳንን በዓመት 1 ጊዜ፥ አዲስ ኪዳንንና መዝሙረ ዳዊትን 2 ጊዜ ይፈጽማል። ነገሩ ደስ አሰኘኝና ጀመርሁት፤ ከልጅነቴ ፊደል ያጠናሁ ስለ ሆንሁም አልከበደኝም። በወንጌል ሥራ ከተሰማራሁ በኋላ ግን ለእኔ ያልከበደ ለማንም አይከብድም ብዬ በማኅበራችን ላሉት ሁሉ፥ ለሽማግሌውም ለባልቴቲቱም፥ አራት አራት ምዕራፍ አዘዝሁ።

ከእነርሱም መካከል አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ነበሩ። ፊደል የቈጠሩት ጠጕራቸው ከሸበተ በኋላ ነው፤ ጣታቸውን ከቃሉ በታች እያስኬዱ አንዱን ቍጥር ለማንበብ ብዙ ይደክሙ ነበር። ቀን ከሸማ ጉድጓዳቸው አይወጡም፤ ለማታም የኩራዝ ላምባ አይተርፋቸውም። እኔ እሑድ እሑድ፦ ስንት አነበባችሁ? ብዬ በሰው ፊት ስጠይቅ አንገታቸውን ይደፉ ነበር። ከዚያም ቀሩ። 3 እሑድ ባጣኋቸው ጊዜ፥ እምነታቸው ቀዘቀዘ ብዬ ልገሥጻቸው ወደ ቤታቸው ሄድሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ የተግሣጹን ቃል በመንገድ እያሰናዳሁ ነበር። እርሳቸው ግን ከሥራቸው ቀና ብለው፦ «መምህር፥ ቀጭን ድር ያለ ልኩ ቢወጥሩት ይበጠሳል፤ እኔንም ያገኘኝ ይኸው ነው» አሉኝ። የምመልሰውን አጣሁ።

ወደ ቤቴም ተመልሼ የዚያን ሰሌዳ ነገር እንደ ገና መረመርሁ። ሰሌዳውን የሠራው ሰው ጥቅሙን ብቻ ሳይሆን አደጋውንም ጽፎ ኖሮ፥ እኔ አልፌው ነበር። ንባቡ ባዶ ልማድ ሆኖ እንዳይቀር፥ ሰሌዳውን የጠበቀ ሰው ራሱን ጻድቅ አድርጎ እንዳይቈጥር፥ ቍጥሩን ለመሙላት በችኰላ እንዳይነበብ፥ ለአንዳንዱም የማይሸከመው ቀንበር እንዳይሆንበት ይፈራ ነበር። ከነዚህ ከአራቱ አንዱ፥ ራስን ማጽደቅ፥ በእኔ ላይ፤ የቀሩት በማኅበሬ ላይ ደርሰዋል።

የእግዚአብሔር ሕግ ግን እንደ እኔ አላዘዘም። በኦሪት ዘሌዋውያን 5ኛ ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ስለ ኀጢአቱ መሥዋዕት የሚያቀርብ ሰው እንስት በግ ወይም ፍየል ያመጣል፤ ይህን ካልቻለ 2 ዋኖስ ወይም 2 የርግብ ግልገል፤ ይህንም ካጣ የኢፍ መስፈሪያ 10ኛ እጅ መልካም ዱቄት ያቀርባል። ሦስቱም ስርየት ያገኛሉ፤ ዱቄት ላመጣው የስርየት እኵሌታ ይሰጠው የሚል ቃል ከቶ የለም። ድንግል ማርያምም ጌታችንን ወልዳ ወደ ቤተ መቅደስ በወጣች ጊዜ የቀረበው የድሆች መሥዋዕት እንደ ነበረ ከሉቃስ ወንጌል 2ኛ ምዕራፍ እናስተውላለን። በአገራችንስ ቢሆን 7 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ጹም የሚለው ማን ነው?

ነገር ግን ይህን ሰምቶ፦ እንግዲያስ የእኔ አቅም ጥቂት ነው ብሎ የሚተኛ ሰው ቢኖር፥ በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ያለውን ባሪያ ያስብ። ጌታው መክሊቱን 5፥ 2፥ 1 አድርጎ ያካፈለው ለያንዳንዱ እንደ አቅሙ ነበረ፤ ባለ ሁለቱም ባለ አምስቱ የሰማውን ያንኑ ምስጋና ሰማ። ባለ አንዱ የተወቀሰው 5 አላተረፍህም ተብሎ ሳይሆን ቀብሮ ስላስቀመጠ ነው። እንግዲህ 4 ምዕራፍ የሚችል ሰው 6 ቍጥር አንብቦ ቢተኛ መክሊቱን ቀብሯል።

ልክህን ታውቅ ዘንድ ብትወድ፥ ልብህ በሞቀበት ቀን የምትችለውን አትመልከት፤ ደክመህና አዝነህ በዋልህበት ቀን የምትችለውን ተመልክተህ ከዚያ ጀምር። ከወር በኋላ ቢቀልህ ጨምር። ልክህንም ብቻህን አትቍረጥ፤ የሚያውቅህን ወንድም ጠይቅ፤ ሰው ለራሱ ወይ ይራራል ወይ ይጨክናልና። ሕፃን የምታጠባ እናት ማለዳ ብዙ ሰዓት ተንበርክካ መቈየት አይሆንላትም፤ እንጀራ ስትጋግር ግን በቃሏ የያዘችውን መዝሙር ልትል ትችላለች፤ እርሱም ጸሎት ነው።

ለሸማኔውም ይቅርታ ጠይቄ፥ በቀን 6 ቍጥር ይበቃል አልኋቸው፤ ከማርቆስ ወንጌልም ጀመሩ። እኔም እሑድ እሑድ፦ ስንት አነበባችሁ? ማለትን ትቼ፦ ምን አገኛችሁ? ማለት ጀመርሁ። 16ቱን ምዕራፍ በ4 ወር ገደማ ፈጸሙ። በፈጸሙም ማግስት ከደጄ ቆመው፦ «መምህር፥ የሉቃስ ከዚህ ይረዝማልን?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎን አባቴ፥ ይረዝማል» አልኋቸው።

«እንኪያስ ስምንት ስምንት ቍጥር ይሁንልኝ» አሉ።