ወደ ቆላ ውረድ

ልጄ፣ በሰብል ማሻሻል ተመርቀህ ደብረ ብርሃን መመደብህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ምርታማ በቆሎ ማውጣት ሕልምህ ከሆነ፣ በዚሁ ሥራ ያረጀ ሰው የሚልህን ስማ።

1. መጀመሪያ አገሩን እወቅ። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ውርጩ የሚያውቀው ገብስን ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ወርደህ አልዩ አምባ ስትደርስ ግን ማሽላና በቆሎ ይቀበሉሃል። ሸዋ ሮቢት ድረስ ብትዘልቅ ዝናቡም ሌላ ነው። ለዚህ ሁሉ የሚሆን አንድ ዝርያ አታገኝም፣ አትፈልግም።

2. በሌላ አገር ስም ያወጣ ዝርያ አያታልልህ። ቢኤች-660 እ.ኤ.አ. በ1993 ከባኮ ምርምር ማዕከል ወጥቶ ምዕራቡን አጥግቧል። ለመድረስ ግን 160 ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ ቁመቱ ረጅም ስለሆነም ይጋሽባል። ዝናቡ ቶሎ ለሚቋረጥበት ቆላ እነ መልካሳ-2ን አስቀድመህ ሞክር። የአምቦ ምርምር ማዕከልም ከዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ከሲሚት ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 በጀመረው ሥራ ለደጋው እነ አርጋኔን አውጥቷል።

3. አበባው ሲደርስ ከማሳው አትጥፋ። ጫፉ ላይ ያለው ወንዴ አበባ ብናኙን ማራገፍ ከጀመረበት ቀን አንሥተህ ጸጉሩ ብቅ እስኪል ድረስ ቁጠር። ተክሉ ውሃ ሲጠማው ጸጉሩ ይዘገያል። ብናኙ ረግፎ ካለቀ በኋላ ቢወጣ ማን ያዳቅለዋል? ሽፋኑን ግለጠውና እይ፤ ፍሬው እዚህም እዚያም የተንጠባጠበ፣ ቀሪው ገላጣ ቆረቆንዳ ነው። ሁለቱ ቀኖች የተቀራረቡለትን መስመር ያዝ። ጥሩ ዝናብ በዘነበበት ዓመት ሁሉም ያምራልና፣ ምርጫህን በክፉው ዓመት አድርግ።

4. ዲቃላ ዘር ምርቱ ከፍ ይላል። ነገር ግን ካጨደው ላይ ቆጥቦ የሚዘራ ገበሬ በዓመቱ ቡቃያው ይዘበራረቅበታል፣ ምርቱም ይወርዳል። አዲስ ዘር በወቅቱ በማይደርስበት ቀበሌ፣ ምርቱ ቢያንስም ዘሩን ማስቀመጥ የሚቻልበትን ክፍት ተዳቃይ ዝርያ ስጠው። ይህን እንደ ሽንፈት የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን ትልቅ ሥራ ነው እላለሁ።

5. የአገሩን ዘር ሰብስብ፣ መዝግብ፣ አትናቅ።

6. ሴቶቹን ጠይቅ። ሽፋኑ ጫፉን በደንብ ያልደፈነ በቆሎ ለወፍና ለነቀዝ የተጋለጠ ነው፤ በሚዛን ያገኘኸው ብልጫ ጎተራ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። እሸቱ እንዴት እንደሚጥም፣ ዱቄቱ ለእንጀራ እንዴት እንደሚሆን የሚነግሩህም እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ክረምቱ ሳይገባ ውረድ። የመጀመሪያ ሙከራህን ከምርምር ጣቢያው አጥር ውጭ፣ ገበሬው ማሳ ላይም ዝራ፤ ሲያብብም አብሮህ እንዲቆጥር ጥራው።