ከ10ኛ ክፍል እስከ ዲግሪ፦ የትምህርት ዘርፍ ምርጫና የሥራ ተስፋ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ

መግቢያ

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ 10ኛ ክፍልን ሲያጠናቅቅ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን ይመርጣል። ውሳኔው በ16 ዓመት ዕድሜ ገደማ የሚሰጥ ቢሆንም ተከትለውት የሚመጡትን ምርጫዎች ሁሉ ይገድባል። ይህ ጽሑፍ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው የይፋት ቆላ የሚማሩ ወጣቶችን አብነት አድርጎ፣ የመምረጥ ዕድል ከደረጃ ወደ ደረጃ እንዴት እንደሚጠብ ይመረምራል። መከራከሪያው፣ ሰፊው መዘዝ ያለው ውሳኔ የሚሰጠው አነስተኛ መረጃ ባለበት ወቅት ነው የሚል ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና በ225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው የቀወት ወረዳና ጎረቤቱ ኤፍራታና ግድም በማሽላ፣ በማሾና በመስኖ በሚለማ ሽንኩርት ይታወቃሉ። ማሾ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚሸጥና ወደ ውጭ የሚላክ ሰብል ነው። ከአፋር ጋር ያለው የከብት ንግድና በአውራ ጎዳናው የሚመላለሰው የጭነት ትራንስፖርትም የአካባቢው መተዳደሪያ ናቸው። እነዚህ ሥራዎች የመስኖ መሐንዲስ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ የሰብል ጥበቃ ባለሙያና የሒሳብ ሠራተኛ ይሻሉ። ይሁን እንጂ በገጠር ኢትዮጵያ እንደተለመደው ትምህርት ከእርሻ መውጫ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ወላጅ ለልጁ የሚመኘው በአብዛኛው ሐኪምነትን ወይም መሐንዲስነትን ነው።

አራቱ በሮች

የመጀመሪያው በር የዘርፍ ምርጫ ነው። ማኅበራዊ ሳይንስን የመረጠ ተማሪ ኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ ወደ ሕክምና ወይም ወደ ምህንድስና ለመመለስ መንገድ አያገኝም።

ሁለተኛው በር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከማለፊያው ጥቂት ዝቅ ያሉት በአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ሁለተኛ ዕድል ያገኛሉ። ለይፋት ተማሪዎች ደግሞ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ በመዝለቁ የባከነው የትምህርት ጊዜ ተጨማሪ ሸክም ነው።

ሦስተኛው በር የዩኒቨርሲቲና የትምህርት ክፍል ምደባ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢዎች በቅድሚያ የጋራ ኮርሶችን ይወስዳሉ፤ ከዚያም ተፈላጊ ክፍሎች በውጤት ቅደም ተከተል ይሞላሉ። ተማሪው ፍላጎቱን ይጽፋል፤ የሚወስነው ግን ውጤቱና ያለው ቦታ ነው።

አራተኛው በር የመውጫ ፈተና ነው። ፈተናው በአገር አቀፍ ደረጃ በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ካለፉት ያልፉት በልጠዋል፤ ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባት በራሱ ዲግሪን አያረጋግጥም።

ሁለት የተለመዱ ስሌቶች

ተማሪዎች ዘርፍ ሲመርጡ ሁለት ስሌቶች ይፎካከራሉ። አንደኛው «ሥራ ያለው በተፈጥሮ ሳይንስ ነው» የሚል ነው። ይህን እምነት በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጣው፣ 70 በመቶው ቅበላ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲሆን ያዘዘው ፖሊሲ አጠናክሮታል። ነገር ግን ፖሊሲው ያሰፋው የመማሪያ ቦታን እንጂ የሥራ ቦታን አልነበረም። በተጨማሪም ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ፊዚክስንና ኬሚስትሪን የመረጠ ተማሪ የሁለተኛውን በር ፈተና ያከብድበታል።

ሌላው ስሌት «ማኅበራዊ ሳይንስ ይቀላል» የሚል ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከሒሳብ ፍርሃት ይመነጫል። ሆኖም ሒሳብ በሁለቱም ዘርፎች ብሔራዊ ፈተና ውስጥ አለ። ሒሳብን ሸሽቶ ዘርፍ የለወጠ ተማሪ እዚያው ያገኘዋል፤ ኢኮኖሚክስንና አካውንቲንግን ቢያጠናም አይለየውም። ሁለቱም ስሌቶች የሚመዝኑት የዲግሪውን ስም ወይም የፈተናውን ክብደት ነው፤ ባለሙያው በየዕለቱ የሚሠራውን ሥራ የሚመዝን የለም።

ማጠቃለያ

የምክር አገልግሎት በ12ኛ ክፍል ቅጽ በሚሞላበት ሳምንት ቢሰጥ ሦስቱን በሮች እንጂ የመጀመሪያውን አይደርስበትም። ስለዚህ ከ9ኛ ክፍል መጀመር ይኖርበታል። ይዘቱም ሦስት ነገሮችን ቢያካትት ይበጃል፦ የተማሪው የየትምህርቱ ውጤት ከሁለት ዓመት በላይ ያሳየው አዝማሚያ፣ የየዘርፉ የፈተና ይዘት፣ እንዲሁም በአካባቢው የሚሠሩ ባለሙያዎች የሥራ ውሎ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብርና በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ራሱን ችሎ መሰጠቱ፣ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም የግብርናና የጤና ትምህርት ማስተማሩ ለይፋት ተማሪ ቅርብ ዕድል ነው። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናም የወደቀ ተማሪ መጠለያ ሳይሆን በጊዜው የሚመዘን አማራጭ ሆኖ መቅረብ አለበት። በማሾ ማሳ መካከል ያደገ ወጣት ከእርሻ መውጣትን ቢመርጥ መብቱ ነው፤ ምርጫ የሚባለው ግን በዚያው ማሳ ላይ በዕውቀት የሚሠራ ባለሙያ መኖሩን ካወቀ በኋላ ሲመርጥ ነው።