ስለ አሮጌ ቴፕ ሪከርደርና ስለ ሰው ድምፅ

ጥቂት ጓደኛሞች ሆነን፥ የአንዲት የኪራይ ክፍል መስኮት በብርድ ልብስ ጋርደን፥ በአሮጌ ባለ ጥቅል ቴፕ ሪከርደር ክራርና ዘፈን መቅዳት ከጀመርን ዓመት አልፎናል። በኮምፒዩተር መቅዳት ሲቻል ስለ ምን ትደክማላችሁ የሚሉን አሉ። መልሳችን አጭር ነው፤ ክሩን ቆርጦ መቀጠል አድካሚ ስለሆነ ተጫዋቹ ከመጀመሩ በፊት ያስብበታል፤ ድምፁ ከልክ ሲያልፍም ክሩ ወዲያው አያበላሸውም፥ ቀስ በቀስ ያለዝበዋል እንጂ። ዛሬ ልናካፍላችሁ የምንወደው ግን ያሳፈረንን ነገር ነው።

መሣሪያችን የአሜሪካ ሥራ ስለሆነና የአገራችን መብራት 220 ቮልት ስለሆነ፥ ትራንስፎርመር ገዝተን አገናኘነው። ሞተሩ ዞረ፤ የቀዳነውም ክራር ስንሰማው ልክ ነበረ። አንድ ቀን አንዲት የክፍል ጓደኛችን የሟች አባቷን ድምፅ የያዘ ጥቅል ይዛ መጣች። ጥቂት ሰምታ «ይህ የአባባ ድምፅ አይደለም» አለችና ልትሄድ ተነሣች። በእውነትም ድምፁ የወፈረና የተጎተተ ነበረ።

ጥፋቱ የኛ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ የመብራቱን ምልልስ አይለውጥም። በአሜሪካ መብራቱ በሰከንድ 60 ጊዜ፥ በአገራችን 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የብዙ አሮጌ መሣሪያዎች ሞተርም ፍጥነቱን የሚያገኘው ከዚሁ ምልልስ ነው። ስለዚህ በሰከንድ 19 ሴንቲ ሜትር መጓዝ የሚገባው ክር 16 ያህል ብቻ ይጓዛል፤ ድምፁም በፒያኖ ቢለካ ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ይላል። ታዲያ ክራራችን እንዴት ልክ ሆነ? በዘገየ መሣሪያ ቀድተን በዚያው መሣሪያ ስለ ሰማነው ነው። በደኅና መሣሪያ ቢሰማ ኖሮ ይፈጥንና ይቀጥን ነበር።

ለ50 ምልልስ የተሠራ የሞተር መዘውር ከተገኘ እርሱን መግጠም ነው። እኛ ስላላገኘን፥ ድምፁን ወደ ኮምፒዩተር ገልብጠን ፍጥነቱን በ1.2 አበዛነው።

ይህን ከማድረጋችን በፊት ክሩ የሚነካቸውን ብረቶች ንጹሕ አልኮል በነካ ጥጥ ጠርገን አደረቅን፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። የመቅጃውንም ቁልፍ በፕላስተር አሸግን፤ ይህ መሣሪያ እንደ ካሴት የሚሰበር መከላከያ የለውም፥ አንድ ጣት ከሳተ የነበረው ይጠፋል። ክሩ ሲሄድ ከጮኸ ወይም ከተጣበቀ ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል። በተለይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከተሠሩት ክሮች አንዳንዶቹ እርጥበት ጠጥተው ሙጫቸው ይለቃል፤ በግድ ቢያሽከረክሯቸው ድምፁ ያለበት ቅብ ይላጣል። እንዲህ ያለውን ለባለሙያ መተው ነው።

ጓደኛችን በማግሥቱ ተመልሳ ሰማች። ገና ንግግሩ ሳይጀመር፥ ከሳሉ አወቀቻቸው።