ዶሮዎቹን የት እናኑራቸው?



ከደርስ በኋላ አንድ ወጣት ወንድማችን ጠጋ ብሎ ጠየቀኝ። ሥራ እስኪያገኝ አሥራ ሁለት እንቁላል ጣይ ቄቦች ሊገዛ አስቧል። እዚሁ አዳማ ያለው የቤተሰቡ ግቢ ጠባብ ነው። ጥላ የሚገኘው ከጎረቤት በሚያዋስነው ግድግዳ ሥር ብቻ ሲሆን፣ ከግድግዳው ወዲያ አንዲት አሮጊት ክርስቲያን እናት የሚተኙበት ክፍል አለ። «ኡስታዝ፣ ቦታው የራሳችን ነው፤ እሳቸውም ምንም አላሉም። ችግር አለው?» አለኝ።

ጥያቄው ስለ ዶሮ ይመስላል። ግን ሦስት ሐቆች አሉበት።

1. የጎረቤት ሐቅ

ጂብሪል (ዐ.ሰ) ስለ ጎረቤት አደራውን ከማብዛቱ የተነሳ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤትን ወራሽ ሊያደርገው ነው ብለው እስኪያስቡ መድረሳቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ጎረቤቱ ሙስሊም አለመሆኑ ይህን ሐቅ አያነሳውም። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ቤታቸው በግ ሲታረድ ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው ተሰጥቶ እንደሆነ የጠየቁት ይህንኑ ሐዲስ አንስተው ነው።

«ቦታው የራሳችን ነው» የሚለውስ? ኢብኑ ቁዳማ «አል-ሙግኒ» በተሰኘው ኪታባቸው፣ ሰው በገዛ ይዞታው ላይ እንኳ ጎረቤቱን የሚጎዳ ነገር መሥራት እንደማይችል ያስረዳሉ።

«ምንም አላሉም» የሚለው ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። ወንድሜ፣ ዶሮዎቹ ገና አልመጡም፤ እሳቸው ስለምን ይናገሩ? ከመጡም በኋላ ዝም ቢሉ፣ የእኛ አገር ሰው ይሉኝታ እንደሚይዘው ታውቃለህ። ሽታውንና ዝንቡን ችሎ ጠዋት «እንደምን አደርክ?» ይልሃል። ይህን ፈቃድ ነው ብለህ አትያዘው። በኋላ እንቁላል ብትልክላቸውም ስጦታው መልካም ነው፤ ጉዳቱን ግን አያነሳም።

2. የዶሮዎቹ ሐቅ

ድመት ዘግታባት በረሃብ ስለገደለች እሳት የገባችውን ሴት ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። የዘጋነው እንስሳ አማና ነው። አዳማ ደግሞ ሞቃት ናት። ዶሮ ሙቀት ሲበዛባት አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ መኖ ትቀንሳለች፣ የእንቁላሏ ቅርፊት ይሳሳል። ስለዚህ የቤቱ ረጅም ጎኖች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዙሩ፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ በአጭሩ ጎን ብቻ ያርፋል። ጎኖቹ ከላይ በሽቦ ወንፊት ይሠሩ፣ አየር ይግባ። ባዶ ቆርቆሮ ስለሚግል በላዩ ሳር ይደረብ። በአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት እስከ ስድስት ዶሮ ይበቃል፤ ለአሥራ ሁለቱ ሁለት ካሬ ሜትር ተኩል አዘጋጅ። ቆጥ አትርሳ፤ ማታ በሩን ከሽለምጥማጥ ዝጋ። ፈንግል መንደሩን ሳይጨርስ ክትባት አስከትብ። ለእንቁላል አውራ ዶሮ አያስፈልግም፤ ስለዚህ በሌሊት ጩኸት ጎረቤት አይረበሽም።

3. የሰላት ሐቅ

በሻፊዒይም በሐነፊይም መዝሀብ የዶሮ ኩስ ነጃሳ ነው። ቤታቸው ከውዱእ ቦታ፣ ከውኃ በርሜልና ወደ መስገጃ ከሚያልፈው መንገድ ይራቅ። ሰጋቱራ አንጥፍ፤ ሲረጥብ ሳትዘገይ ቀይር።

ታዲያ የት ይሁን? ለወንድማችን ያልኩት ይህን ነው፦ ከእናንተው ማድ ቤት ጎን፣ ሽታው ቀድሞ እናንተን በሚያገኝበት ቦታ ይሁን። ፀሐይ አለበት፤ ግን ጥላ በእንጨትና በሳር ይሠራል። ቄቦቹን ከመግዛትህ በፊትም ወደ እኚያ እናት ሄደህ «እማማ፣ እዚህ ጋ ዶሮ ላረባ ነው፤ ሽታው ከደረሰብዎ ይንገሩኝ፣ አነሳዋለሁ» በላቸው። እንዲህ ብለህ ካልጠየቅካቸው ይሉኝታቸውን አያልፉትም።

ፊቱን አጥቁሮ «ተጨማሪ ወጪ ነው» አለኝ። አዎ፣ ነው። ግን ሪዝቁን የምንለምነው ከአላህ ነው፤ በጎረቤት እንቅልፍ ላይ በረካ አንፈልግ።

ዛሬ ከጁሙዓ ስትመለሱ የግቢያችሁን አጥር ተመልከቱ። ዶሮ ባይኖራችሁም ጄኔሬተር፣ የቆሻሻ ክምር ወይም ስፒከር ይኖራችኋል። ወደ ማን ቤት ነው የዞረው?

አላህ ጎረቤቶቻችን ከክፋታችን ሰላም የሚሆኑልን ያድርገን። በነቢያችን ላይ ሰለዋት ማብዛት አንርሳ። ጁሙዓ ሙባረክ!