መድኃኒትዎ ወንዝ እንዳይገባ፦ ለአቃቂ ቃሊቲ ቤተሰቦች የአሠራር መመሪያ

በየካቲት 2014 ዓ.ም. የእንግሊዙ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የመራው ጥናት ይፋ ሆነ። ተመራማሪዎች በ104 አገሮች ከ258 ወንዞች ውሃ ቀድተው 61 ዓይነት መድኃኒቶችን ፈልገዋል። በወንዞቻቸው ውስጥ ከፍተኛ የመድኃኒት ክምችት ከተገኘባቸው ከተሞች ላሆር አንደኛ፣ ላፓዝ ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ሦስተኛ ሆነች። በአዲስ አበባ አማካዩ በ1 ሊትር 51 ማይክሮግራም ገደማ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም 500 ሚሊ ግራም የያዘ አንድ ክኒን ብቻውን 10,000 ሊትር ውሃ፣ ማለትም አንድ ቦቴ ሙሉ፣ እዚህ መጠን ላይ ለማድረስ ይበቃል።

ከላይኛው ከተማ የሚወርደው ሁሉ የሚያልፈው በአቃቂ ቃሊቲ ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች አባ ሳሙኤል ግድብ ገብተው ወደ አዋሽ ይቀጥላሉ፤ በመንገዳቸው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማባቸዋል፣ ከብትም ይጠጣባቸዋል። የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያስተናግድ ቢገነባም የተሠራው ዝቃጭንና የሚበሰብስ ቆሻሻን ለመቀነስ ነው፤ በውሃ ከሟሟ መድኃኒት ብዙው ሳይያዝ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ሕግ አንድ ነው፦ መድኃኒት ከቤት ሲወጣ ደርቆ ይውጣ፤ ውሃ አይንካው።

የሚያስፈልግዎ፦ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ፣ የቡና አተላ ወይም አመድ፣ ጠንካራ ፌስታል፣ ባዶ የበረኪና ጀሪካን፣ ጓንት።

1. ሰብስበው ይለዩ። ከመሳቢያ፣ ከቦርሳና ከፍሪጅ ያለውን ሁሉ አንድ ቦታ ያውጡና የማብቂያ ቀኑን ያንብቡ። በአምስት ይክፈሉት፦ ክኒንና እንክብል፣ ሽሮፕ፣ ቅባት፣ የሚነፋ የአስም መድኃኒት፣ መርፌ። ሥራው እስኪያልቅ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ያኑሩት። የተረፈውን «ያንተም ሕመም እንደኔው ነው» ብለው ለጎረቤት አይስጡ።

2. መጀመሪያ የሚረከብዎትን ይጠይቁ። ፋርማሲ የራሱን ጊዜ ያለፈበት መድኃኒት ለይቶ የማስወገድ ግዴታ አለበት፤ የደንበኛን ግን ሁሉም አይቀበልም። ስለዚህ የገዙበትን ቤት፣ ቀጥሎም ጤና ጣቢያውን ይጠይቁ። የቲቢና የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከተረፈ ወደሚከታተሉበት ክፍል ይመልሱ። እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻና የካንሰር መድኃኒት ደግሞ ወደታዘዘበት ሆስፒታል ይመለስ። ግራ ከተጋቡ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ ስልክ 8482 ይጠይቁ።

3. የሚረከብ ከጠፋ ይቀላቅሉ። ክኒኑን ከማሸጊያው ያውጡ፤ ግን አይፍጩት፣ ብናኙ ይተነፈሳል። በፕላስቲክ ዕቃው ውስጥ ከቡና አተላ ወይም ከአመድ ጋር ይቀላቅሉት፣ ይክደኑ፣ በፌስታል አስረው ለደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ያስረክቡ። መቀላቀሉ ያስፈለገው ቆሻሻ የሚለቅም ሰው ወይም ልጅ አንስቶ እንዳይውጠው፣ እንዳይሸጠውም ነው።

4. ሽሮፕን በመታጠቢያ አይድፉ። በዚያው ዕቃ ውስጥ አተላው ወይም አመዱ ጠጥቶ እስኪደርቅ ይጨምሩበት። ጠርሙሱን አያጥቡ፤ እጣቢው ራሱ መድኃኒት ነው። ጠርሙሱን ለቆራሌው አይሽጡ፤ ስምዎ ያለበትን ወረቀት ልጠው ከደረቅ ቆሻሻው ጋር ይስጡ። የሚነፋውን የአስም ቆርቆሮ አይብሱ፣ እሳት ውስጥም አይጣሉ፤ ይፈነዳል። መርፌ በጀሪካኑ ውስጥ ይግባ፤ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ከድነው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ። ምንም ዓይነት መድኃኒት በግቢ አያቃጥሉ፣ ከጉድጓድ ውሃ አጠገብም አይቅበሩ።

5. የመፀዳጃ ጉድጓዱን ይቆጣጠሩ። ወንዝ ውስጥ ከሚገኘው መድኃኒት ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ከተጣለ ክኒን ይልቅ ከሰው አካል ነው። ለስኳር ሕመም የሚወሰደው ሜትፎርሚን ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል፤ ከአሞክሳሲሊንም ከግማሽ በላዩ እንደዚሁ። ይህ የታዘዘልዎትን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። ማድረግ የሚችሉት ሽንት ቤቱ ወደ ወንዝ እንዳይፈስ መጠበቅ ነው። ጉድጓዱ ሳይሞላ፣ ቢቻል በግንቦት፣ ክረምት ሳይገባ ያስነሡት። ለዚህም በአቅራቢያዎ ያለውን የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ይጠይቁ። በዝናብ ወቅት ጉድጓድ ወደ ጎርፍ ቦይ መልቀቅ የሰፈሩን ሁሉ መድኃኒት በአንድ ሌሊት አቃቂ ውስጥ ይጨምራል። የግል ፍሳሽ መኪና ከጠሩም የት እንደሚደፋው ይጠይቁ።

6. የመዋቢያ ዕቃዎችን ይቀንሱ። የፀጉር ቅባት፣ ሎሽንና ጊዜው ያለፈ ክሬም በሶፍት ተጠርጎ ወደ ደረቅ ቆሻሻ ይሂድ። ለእጅ ተራ ሳሙና ይበቃል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016 እ.ኤ.አ. ትሪክሎሳን የተባለ ጀርም ገዳይ ያለበትን የእጅና የሰውነት ሳሙና ከገበያ ያገደው፣ አምራቾቹ ከተራ ሳሙናና ውሃ እንደሚበልጥ ማሳየት ስላልቻሉ ነው። የሳሙናውን ማሸጊያ ያንብቡ፤ ይህ ስም ካለበት ይተዉት።

7. ከብት ካለዎት። የመዥገርና የትል መድኃኒት ዕቃ በወንዝ ወይም በቦይ አይታጠብ። የተረፈውን ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ይመልሱ። የመዥገር መድኃኒት የተረጨ ከብትም ወዲያው ወደ ወንዝ አይነዳ።

8. ሲገዙ በልክ ይግዙ። ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ አይግዙ፤ የታዘዘውን ግን እስከ መጨረሻው ይውሰዱ። ለአንድ ጊዜ ራስ ምታት አንድ ካርቶን አያስፈልግም፤ በቅጠል መግዛት ይቻላል። ትርፍ ከሌለ የሚጣል የለም።

ስለ መጠጥ ውሃ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማፍላትና ክሎሪን መጨመር ጀርም ይገድላሉ፣ ለዚያም ይቀጥሉበት። የሟሟ መድኃኒትን ግን ማፍላት አያስወግድም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል። የወንዝ ውሃን አፍልተው «ነጽቷል» አይበሉ፣ አትክልትም አያጥቡበት።

ይህን ሥራ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦትና በጥቅምት ያድርጉት። በግንቦት ጉድጓድ ሲያስነሱ መድኃኒቱንም ይለዩ፤ በጥቅምት መድኃኒቱን ብቻ። በኪራይ ግቢ የሚኖሩ ከሆነ ከተከራዮቹ ጋር ተስማምተው አንድ ዕቃና አንድ ኃላፊ ይመድቡ፤ ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ሽንት ቤት የአንዱ ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም።